በግራ እጅ የተጠቀለለ ሽቦ

«እኔ እጄ የለበትም። የነካካው ወንድሜ ነው። ዓይኑ ደክሟል፤ ሰው ፊት ላዋርደው ስላልፈለግኩ ነው እንጂ ካወቅኩት ቆይቻለሁ።»

ይህን የተናገረው ታናሽየው ነው። የተነገረበት ታላቅየው ደግሞ እዚያው ጋራዥ ውስጥ፣ በአንዲት አሮጌ ሚኒባስ ሆድ ስር በጀርባው ተንጋሎ የካምቢዮ ብሎን እያጠበቀ ነበር። እግሩ በግድግዳው በኩል ስለነበር አልታየም። መፍቻው ብሎኑ ላይ እንደተነከሰ ቀረ፤ እጁ ማጥበቁን ትቶ ያዘው ብቻ። ከስር ተንሸራቶ ወጥቶ «ምን አልክ አንተ?» ማለት ይችል ነበር። አላለም። ለምን አላለም ብትሉኝ፣ ልጆቼ፣ መጀመሪያ ነገር «ግን» የምትል ቃል ትከተላለች ብሎ እየጠበቀ ነበር። ሰው ወንድሙን እንዲህ ካለ በኋላ «ግን» ይላል፣ «ግን እሱን የሚያህል መካኒክ የለም» ይላል፣ አንድ ነገር ይላል ብሎ ጠበቀ። ደግሞም ድንገት ብቅ ቢል ታናሹ ደንበኛ ፊት የሚገባበትን እፍረት አሰበውና ራራለት። አዎ፣ ራራለት። የግራሶ ጠብታ ጉንጩ ላይ ወርዳ ወደ ጆሮው ስትሄድ እንኳ አልጠረጋትም።

«እኔ እኮ እሳቸውን አምኜ ነው መኪናዬን ያመጣሁት!» አለ ደንበኛው። ድምፁን ታላቅየው ለየው፤ ባለ ፋርማሲው ነው። «ባለቤቴ እርጉዝ ናት። ዳገቱ ወገብ ላይ ሞተሩ ጨሶ ጠፋ፤ ወደ ኋላ ተንሸራተትን። የሰው አጥር ባይዘን ኖሮ ዛሬ እዚህ ቆሜ አላወራህም።»

«እንኳን ተረፋችሁ።»

«እንኳንም ተረፍን። ከሰዓት እመለሳለሁ፤ አንድ ነገር ወስናችሁ ጠብቁኝ። ያቃጠለው ሰው ሁለተኛ እንዲነካብኝ አልፈልግም።»

«ምን ላድርግ፣» አለ ታናሽየው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ «ያሳደገኝ ሰው ነው።»

«ግን» የምትለው ቃል ሳትመጣ ቀረች። የጫማ ኮቴ ወጣ፤ የቆርቆሮው በር ተንቋቋ።

የመኪናው ነገር እንዲህ ነው። ባለ ፋርማሲው መድኃኒት በካርቶን እየጫነ ዳገት ላይ ላሉ ትንንሽ ከተሞች ያከፋፍላል። ፒክአፑ ጤነኛ ነው፣ ሞተሩ ግን ትንሽ ስለሆነ ዳገቱ ላይ ነፍሱ ይወጣል። ስለዚህ ቱርቦ ይገጠምልኝ ብሎ መጣ። ቱርቦ አየር በግድ እየጠቀጠቀ ወደ ሞተር የሚያስገባ ዕቃ ነው። ብዙ አየር የገባበት ሞተር ብዙ ነዳጅ ካላገኘ ይግላል፤ በጣም ከጋለ ደግሞ ፒስተኑ እንደ ሻማ ይቀልጣል። ከዚህ የምትጠብቀው አውራ ጣት የምታክል ሴንሰር ናት። የአየሩን ግፊት ትለካና ለኮምፒውተሩ ትነግረዋለች፤ እሱም በነገረችው ልክ ነዳጅ ይሰጣል፣ ግፊቱ ከልክ ሲያልፍ ነዳጁን ቆርጦ ሞተሩን ያሳርፈዋል። ከፋብሪካ የመጣችው ሴንሰር ይህን ሁሉ ግፊት መለካት አትችልም፤ ስለዚህ ታላቅየው ትልቋን አዘዘና እስክትመጣ ድረስ መኪናውን አልሰጥም አለ። ሴንሰር እንደ ወርቅ በተወደደበት ዘመን ደንበኛውን ለፍልፎ አሳመነው። እሱ ሥራ ሲይዝ እንዲህ ነው፤ «ነገ ና» ማለት ይወዳል፣ ደንበኞቹም «ጋሽ ነገ» ይሉታል። ታናሹን ደግሞ፣ ለሁሉ ነገር «ቶሎ ነው፣ ቶሎ ነው» ስለሚል፣ «ቶሎ» ብለውት ቀርቷል። «ነገ ሊሚትድ እና ቶሎ» እያሉ ይስቃሉ፤ ወንድማማቾቹም አብረው ይስቁ ነበር።

መኪናው ተሠርቶ ከወጣ በኋላ ባለ ፋርማሲው አንድ ጊዜ ሊያማርር መጥቶ ነበር። ጭነት በዝቶ ዳገት ላይ ሲረግጠው ይታነቃል አለ። «ተመስገን በል፤ ግፊቱ በዛ ብሎ እየጮኸልህ እኮ ነው፣» አለው ታላቅየው። «የነዳጁ መርጫ ትንሽ ነው። ትልቁ እስኪመጣ ጭነቱን ቀንስ።» ሰውየው ፊቱን ኮሶ አስመስሎ ሄደ። ታላቅየው ስለዚያ መኪና የሚያውቀው እስከዚህ ድረስ ነበር።

ከሚኒባሷ ስር ሲወጣ ታናሽየው ሁለት ብርጭቆ ሻይ ይዞ ከመንገድ እየገባ ነበር። አንደኛው ስኳሩ የበዛ፣ ታላቅየው እንደሚወደው። «እዚህ ነበርክ እንዴ ጋሼ?» አለና ቆም አለ። ታላቅየው «አሁን ነው በጓሮ የገባሁት» አለው። ለምን እንደዋሸ ለራሱም አልገባውም። ሻይውን ተቀበለ። ስለ ቆርቆሮው ማፍሰስ አወሩ፤ የሽቦ መጠቅለያው ናስትሮ እንደገና መወደዱን አወሩ፤ ጎረቤት ጎማ ቤቱ ኮምፕረሰሩን ሊሸጥ መሆኑን አወሩ። ከዚያ ታናሽየው፣ ብርጭቆው ውስጥ እያየ፣ «ባለ ፋርማሲው መጥቶ ነበር። ሞተሩ ተቃጥሎበታል፤ ጎትተው ጓሮ አቁመውታል» አለ።

«ምን አለ?»

«ምን ይላል፣ ተናዷል እንጂ። ተወው፣ እኔ አረጋጋዋለሁ። አንተ አትጨነቅ ጋሼ።»

ይቺ «አትጨነቅ» ከቅድሙ ሁሉ የባሰች ነበረች። ሻይውን ሳይጨርስ አስቀመጠው።

ታናሽየው ዕቃ ልግዛ ብሎ ሲወጣ ታላቅየው ወደ ጓሮ ሄደ። ፒክአፑ ኋላው ተጣሞ፣ በላዩ የአጥር ግንብ ኖራ ነጭ ሆኖ ቆሟል። ወንበሩ ላይ የሴት ሻርፕ ቀርቷል። ኮፋኖውን ከፍቶ አንዱን ካንዴላ ፈታ፤ በቀዳዳው ባትሪ አብርቶ አየ። ፒስተኑ ጥግ ጥጉ ተበልቶ ቀልጧል። ነዳጅ አንሶት የሞተ ሞተር ነው፤ ይህን ለማወቅ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም። ያልገባው ሌላ ነው። ነዳጅ አንሶት ግፊቱ ሲበዛ ኮምፒውተሩ ለምን አልቆረጠም? እሱ ራሱ ነው ያስተካከለው፤ ያች ጩኸት ለዚህ ቀን ነበር የተቀመጠችው። ከሴንሰሯ የሚወጣውን ሽቦ በጣቱ እየዳበሰ ተከተለው። ከባትሪው ጀርባ፣ ዓይን ከማያየው ቦታ፣ አንድ እብጠት አገኘ። ቀስ ብሎ ወደ ብርሃን አወጣው። በናስትሮው ላይ ጫን ጫን ሲያደርገው ገባው፤ ሽቦው ተቆርጦ መሃሉ ላይ የስንዴ ፍሬ የምታክል ዕቃ ተበይዳበታለች። ይህችን ዕቃ የፈጣን ሥራ ሠሪዎች ያውቋታል። ሴንሰሯ ግፊቱ ምንም ያህል ቢጨምር የምትናገረው ቁጥር ከተወሰነ ቦታ እንዳያልፍ አፏን ታስይዛታለች። ኮምፒውተሩ ሁሉም ደህና ነው ብሎ ይቀመጣል፤ ሞተሩ አይታነቅም፣ ደንበኛው ደስ ብሎት ይሄዳል። ውስጥ ውስጡን እየነደደ።

ይህንን ሲያይ ታላቅየው፣ ታምኑኛላችሁ፣ ትንሽ ቀለለው። ልጁ ቸኩሎ ነው አለ። ደንበኛው ነዘነዘው፣ «ቶሎ ነው» አለ፣ ዛሬ ጠዋት ደግሞ ደንግጦ ዋሸ። የደነገጠ ሰው ይዋሻል። በዓይኑ ፊት የታየው በሰው አጥር ላይ ወጥቶ ፍራፍሬ ሰርቆ «እኔ አይደለሁም» እያለ ፍሬው እጁ ላይ የተገኘው ያ ትንሽ ወንድሙ ነበር። እንዲህ እያሰበ ናስትሮውን ሊፈታ ጣቱን ሲያሳርፍ ግን ቆመ።

ታላቅየው ግራ እጁን ነው የሚያዘወትረው። ሽቦ ሲጠቀልል ናስትሮው ሌላው ሰው ከሚጠቀልልበት አቅጣጫ ተገልብጦ ይዞራል። ሲጨርስ ደግሞ የናስትሮውን ጫፍ በትንሹ ያጥፈዋል፤ ነገ ሌላ መካኒክ ሊፈታው ሲመጣ ጫፉን ፍለጋ በጥፍሩ እንዳይቧጭር ብሎ ነው። ማንም አላስተማረውም፤ የራሱ ነገር ነው። ታናሽየው ገና ሥራ ሲለምድ በዚህች እጥፋት ይስቅበት ነበር፣ «ጋሼ ለጠላትህም ታስብለታለህ» እያለ። እዚህ ሽቦ ላይ ያለው ናስትሮ በግራ ነው የተጠቀለለው። ጫፉም ታጥፏል።

የሚያውቀውን እጅ፣ የገዛ እጁን፣ ሳይሠራው ሲያየው ጣቱን ከናስትሮው ላይ መለሰ። ቀኝ እጁን የሚያዘወትር ሰው እንዲህ መጠቅለል ከፈለገ አስቦበት፣ ቀስ ብሎ፣ ለዚያውም ደጋግሞ ሞክሮ መሆን አለበት። ይሄ የድንጋጤ ሥራ አይደለም። ቢሆንም ሌላ ምክንያት ፈለገለት፤ ልቡ እንዲሁ አምኖ መቀበል አልቻለማ። ከእኔ ሊደብቀው ይሆናል፣ ኮፋኖውን ከፍቼ ባይ የራሴ መስሎኝ እንዳልፈው ይሆናል አለ። ይህ ራሱ ትልቅ በደል ነበር፤ እሱ ግን የያዘው እንደ መጨረሻ ተስፋ ነው።

ምሳ ሰዓት ቤት ሄደ። ሁለቱ ወንድማማቾች የሚኖሩት በአንድ ግቢ ነው፤ ቤታቸውን የሚለየው አንድ ስስ ግድግዳ ነው፣ የአንዱ ሬዲዮ ለሌላው ይዘፍናል። ሚስቱ ጠረጴዛው ላይ ምግብ አቀረበችለት። የተቀቀለ ድንችና ሰላጣ። የመስኮቱ መጋረጃ ታጥቦ ስለተሰቀለ ክፍሉ በጣም ብርሃን ሆኖ ነበር፤ እሱም በዚያ ብርሃን ውስጥ ዓይኑን አሸት አሸት አደረገ።

«ይኸው! ሐኪሙ ያዘዘልህን መነጽር ለምን አታደርግም አንተ ሰውዬ?»

«ለንባብ ነው ያዘዘልኝ። እኔ ምን አነባለሁ፣ የውሃ ቢል?»

ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋን ሰበሰበችና የጨው ዕቃውን ወደ እሱ ገፋች። «ወንድምህ ተጨንቆልሃል፣ ታውቃለህ? 'ጋሼ በቃው፣ እቤት ይረፍ፣ ጋራዡን ለእኔ ይተውልኝ፣ እኔ እጦራችኋለሁ' ይለኛል። ሲያየው ዓይንህ እንደደከመ ነገረኝ። እኔም እውነትህን ነው አልኩት።»

«መቼ ነው ይህን የተባባላችሁት?»

«ያኔ ዓይንህን ልንታይ የሄድን ቀን ጠዋት። ወረፋ የያዘልህ እሱ አይደል እንዴ? 'ጋሼን ዛሬ እንደምንም ብለሽ ውሰጂልኝ፣ እምቢ እንዳይልሽ' ብሎ ለምኖኝ።» ድንች እየቆረሰች ቀጠለች፤ ክፋት አልነበረባትም፣ ነገሩ ምን እንደሆነ አልገባትም። «ስንመለስ እንኳ ያ ፋርማሲ ያለው ሰውዬ በጋራዡ መንገድ ሲወጣ አግኝቶን በደስታ ጥሩምባ ነፋልን፣ ረሳኸው?»

አልረሳውም። እጁን አውጥቶ ሰላም ብሎት ነበር። ሰላምታ ሊሰጥ የመጣ መስሎት ነበር።

ታላቅየው ሹካውን አስቀመጠ። ሚስቱን አያት። ይህች ሴት ታናሽየውን እንደ ልጇ ነው ያሳደገችው፤ ለባሏም ክፉ አስባ አታውቅም። ግን ስለ ዓይኑ፣ ስለ ሥራው፣ ስለ ቀሪ ዕድሜው ሁለቱ በግድግዳው በኩል ሲመካከሩ እሱን የጠራው አልነበረም። «ለምን አልነገርሽኝም?» ሊላት አፉን ከፈተና ተወው። እሷም አንድ ነገር እንደተበላሸ ገባት፤ ምን እንደሆነ ግን ለመጠየቅ ፈራች። ከግድግዳው ወዲያ የታናሽየው ሚስት ሬዲዮ የአየር ሁኔታ ይናገራል። ሁለቱም እሱን የሚያዳምጡ መስለው ተቀመጡ።

ከሰዓት ባለ ፋርማሲው ብቻውን መጣ። ሸሚዙ በላብ ጀርባው ላይ ተጣብቋል፤ ቁልፉን ጣቱ ላይ ያሽከረክራል። ታናሽየው ፈጠን ብሎ ሊቀበለው ሲወጣ ታላቅየው ቀደመውና ሁለቱንም ወደ ጓሮ ወሰዳቸው።

«ጠዋት ሚኒባሷ ስር ነበርኩ፣» አለ። «የተባለውን ሰምቻለሁ።»

ታናሽየው ፊቱ ተለዋወጠ። ታላቅየው አላየውም፤ ላለማየት ኮፋኖው ላይ አጎነበሰ። ሽቦውን አወጣና የታጠፈችውን ጫፍ ይዞ ገለጥ አደረገ፤ ናስትሮው አንዴ ሲስበው እስከ ግማሽ ተፈታ። ፍሬዋን በጥፍሩ አሳየና ምን እንደምትሠራ፣ ሞተሩ ለምን ሳይጮህ እንደነደደ ለባለ ፋርማሲው በቀስታ አስረዳው። «ይህን ያደረገ ሰው ነው አንተንም ባለቤትህንም ገደል አፋፍ ያደረሰ። እኔ አይደለሁም።» ይህን ብሎ ወደ ወንድሙ ዞረ። አልጮኸም። እንደው ልጁን ትምህርት ቤት ሊያደርስ እጁን እንደሚዘረጋ ሰው ሆኖ፣ «በል፣» አለው፣ «ተናገር። አብረን እንሠራለታለን።»

ባለ ፋርማሲው ታናሽየውን አየ። ታናሽየው መሬት አየ። ጎማ ቤቱ ኮምፕረሰሩን አስነስቶ አጠፋው። ታላቅየው ተስፋ አደረገ። ይኸው ሊናገር ነው አለ በልቡ።

«ጋሼ፣» አለ ታናሽየው፣ በለሰለሰ ድምፅ፣ ያልተፈታውን የናስትሮ ዙር እያመለከተ፣ «ጥቅልሉን እስቲ እየው። የማን እጅ ነው?» ወደ ባለ ፋርማሲው ዞረ። «እዚህ ሰፈር በግራ የሚጠቀልል እሱ ብቻ ነው። ጎማ ቤቱንም ጠይቀው። ጫፉንም እንዲህ የሚያጥፍ ሌላ የለም።»

«ያን ቀን እኔ ሐኪም ቤት ነበርኩ!»

«መኪናው ከዋዜማው ማታ ጀምሮ እዚህ አድሮ የለ? አሳድረኸዋል አይደል?»

ባለ ፋርማሲው ራሱን ነቀነቀ። «አሳድሬዋለሁ።»

«ጋሼ፣ ሐኪም ቤት ሳትሄድ በጠዋት ሠራኸው። 'ደንበኛው ተቸግሯል' ብለህ እኮ ነው። ረስተኸው ነው ጋሼ።» እጁን የወንድሙ ትከሻ ላይ አሳረፈ። «ዕድሜ ነው። ማንም አይቀየምህም።»

ለአፍታ ታላቅየው ፈለገ። የዚያን ቀን ጠዋት በልቡ ፈለገው፤ ሸሚዙን፣ ሚስቱ በር ላይ ስታጣድፈው፣ መንገዱን። ምናልባት እኔ እሆን ይሆን? ይህች ጥያቄ ስታልፍበት ከሁሉ የከፋው እሷ እንደሆነች ገባው። ወንድሙ ስሙን ብቻ አልነበረም የወሰደበት፤ አሁን የገዛ ጭንቅላቱን እንዲጠረጥር እያደረገው ነው፣ ለዚያውም ትከሻውን እየደባበሰ። እጁን ከትከሻው ላይ አነሳለት።

«ሞተሩን እኔ ልክፈተው፣» አለ ለባለ ፋርማሲው። «ለእጄ ዋጋ አልጠይቅህም። የመጣኸው በእኔ ስም ነው፤ በእኔ ስም ይውጣ። ሌላ የምለምንህ ነገር የለም።»

ሰውየው ቁልፉን ማሽከርከር ተወ። ክፉ ሰው አልነበረም። ዓይኑ ከአንዱ ወደ አንዱ ሄደ፤ ታላቅየውን ሲያይ ለቅጽበት ሊያምነው የፈለገ መሰለ። ከዚያ ግን የተፈታውን ናስትሮ፣ የታጠፈችውን ጫፍ፣ የሽማግሌውን ግራ እጅ አየ።

«አባቴ፣ እኔ የቤተሰብ ዳኛ አይደለሁም፣» አለ። «ባለቤቴ ልትወልድ ነው። እኔ ዳግመኛ ዳገት ላይ መቆም አልችልም። አይቀየሙኝ፤ ይረፉ።» ቁልፉንም ለታናሽየው ሰጠው።

ታላቅየው ወደ ውስጥ ገባ፤ እጁን በሳሙና አጠበ፣ በጥፍሮቹ መሃል ያለውን ሳይቀር። የሥራ ልብሱን አውልቆ ምስማሩ ላይ ሰቀለና ኮቱን ለበሰ። ባለ ፋርማሲው ሄዶ ነበር። ወደ ቆርቆሮው በር ሲደርስ ታናሽየው መንገዱ ላይ ቆሞ ጠበቀው። አሁን ፊቱ ላይ የቅድሙ ልስላሴ የለም፤ የፈራ ፊት ነበር።

«ጋሼ፣ ቆይ እንጂ። ቤት ማታ እንነጋገር። እኔ እኮ ለአንተም ብዬ ነው፣ ትረፍ ብዬ ነው… ጋሼ?»

«ያሳልፉኝ እባክዎ፣» አለ ታላቅየው።

ታናሽየው ሊስቅ ዳዳው። «ምን?»

«መንገዱን ዘግተውብኛል፣ ጌታዬ። ያሳልፉኝ።» በድምፁ ቁጣ የለም። መሥሪያ ቤት መስኮት ላይ ከማያውቀው ጸሐፊ ጋር የሚነጋገር ሰው ድምፅ ነው፤ ጨዋ፣ ደረቅ፣ ሩቅ። ይህን ልጅ ዳዴ ሲል ጀምሮ «አንተ» ብሎት፣ «አንተ ሞኝ» ብሎት፣ «አንተ ልጅ ና ብላ» ብሎት ኖሯል።

«ጋሼ፣ ስደበኝ፣» አለ ታናሽየው። «ምታኝ ከፈለግክ፣ ይኸው። በሞትኩት፣ አንቱ አትበለኝ።»

ታላቅየው ኮቱን ቆለፈ። ሰው መንገድ ላይ ለማያውቀው ሰው እንደሚያደርገው ራሱን በትንሹ ዝቅ አድርጎ፣ ዓይኑን ከወንድሙ ትከሻ በላይ መንገዱ ላይ አሳርፎ፣ ሳይቸኩል ጠበቀ። ታናሽየው ወደ ጎን ተጠጋለት።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣» አለውና አለፈ።